ከሰባራ ድልድይ እስከ ኤፒአይ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ የዐፄ ፋሲል ዘመን ሥራ። በጣሊያን ጦርነት ቅስቱ ተቆረጠና ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ስድሳ ዓመት ያህል ገበያተኛው በገመድ ታስሮ በሰው ጉልበት እየተሳበ ተሻገረ። በ1994 ዓ.ም. ቢጠገንም ብዙ ሳይቆይ የዓባይ ሙላት ወሰደው፤ ኋላ የተሠራው በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ መሻገሪያ ነው።

የአገራችን የጤና መረጃም ዘመኑን በገመድ ነው የተሻገረው። የቢቸና ጤና ጣቢያ የወር ሪፖርት በወረቀት ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ። በየደረጃው አንድ ሰው ቁጥሩን ደግሞ ይደምራል፤ ደግሞ ይሳሳታል።

በ2010 ዓ.ም. ግድም ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ2 የተባለውን ሥርዓት በአገር ደረጃ ዘረጋ። ሥርዓቱ የተጸነሰው ከአፓርታይድ ማግስት በደቡብ አፍሪካ ነው፤ የሚያበለጽገው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋናው ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው «የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ ሕፃናት» የሚል ጥያቄ አንድ ጊዜ ይመዘግባል። የፕሮግራም ጸሐፊ ሳይጠራ፣ ሌላ ሶፍትዌር ያንን ቁጥር የሚጠይቅበት በር ወዲያው ይከፈታል። ያ በር ኤፒአይ ይባላል። ካርታ የሚያሳይ ድረ ገጽ ወረዳውንና ወሩን ጠርቶ ይጠይቃል፤ መልሱን ያገኛል።

በሩ በራሱ ይከፈት እንጂ ስምምነቱ በራሱ አይመጣም። አንዱ ሥርዓት ሞጣን ከሁለት እጁ እነሴ ጋር፣ ሌላው ለብቻዋ ከቆጠራት ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። ሚኒስቴሩ የጤና ተቋማት ማዕከላዊ መዝገብ ማዘጋጀት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። (አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሪባን አይቆረጥለትም።)

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። መረጃው ካልተላከ ኤፒአዩ ባዶ ይመልሳል። ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ ካልታዘዘ በቀር ዜሮን አያስቀምጥም። ስለዚህ «ኩፍኝ አልታየም» ያለ ጤና ጣቢያና ምንም መላክ ያልቻለ ጤና ጣቢያ፣ ያንን ቁጥር ብቻ ለሚጠይቅ ድረ ገጽ አንድ ዓይነት ባዶ ናቸው። የሚለያቸው የሪፖርት ምሉዕነት የሚባለው ሌላ መዝገብ ነው። እሱን አብሮ ያልጠየቀ ካርታ ወረርሽኝ የገባበትን ወረዳ ንጹሕ አድርጎ ይቀባዋል፤ መድኃኒቱም ወደ ሌላ ይጫናል።