ከመተማ በኋላ የተጻፉ ደብዳቤዎች

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ፣ ከካርቱም በወንዝ ብቻ ወደምትለየው ኦምዱርማን ተወስዶ ለሕዝብ ታየ። በዚያን ዕለት የሁለቱ መንግሥታት ዕርቅ ይመጣል ያለ ሰው ቢኖር እንደ እብድ በተቈጠረ ነበር። ዳሩ ግን ሰባት ዓመት ያህል ቈይቶ ደብዳቤ መመላለስ ጀመረ።

ጠቡን ያባባሰው የሌሎች ጉዳይ ነበር። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር አድዋ ላይ ተዋውለው፣ በምሥራቅ ሱዳን የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ ተስማሙ። በለውጡ ቦጎስ ተመለሰላቸው፤ በምፅዋም ዕቃቸው በነፃ እንዲያልፍ ቃል ተገባላቸው። ይሁንና በ1877 ዓ.ም. ጣልያን ምፅዋን ስትይዝ እንግሊዝ አልተቃወመችም። ለንጉሡ የተረፋቸው የመህዲው ተከታዮች ጠላትነት ሆነ። (ኢትዮጵያውያን «ደርቡሽ» ይሏቸው እንጂ እነርሱ ራሳቸውን «አንሷር» ነበር የሚሉት።) በጥር 1880 ዓ.ም. የሐምዳን አቡ ዐንጃ ጦር ጎንደርን አቃጠለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ለአቡ ዐንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ፤ የሁለታችንም ጠላት አውሮጳዊ ነው፣ ድሃ ከማስፈጀት መስማማት ይሻላል የሚል ነበር። የተመለሰላቸው ስድብ ነው። ዲፕሎማሲ ጊዜውን ካላገኘ ምን ያህል ከንቱ እንደሚቀር ይህን የመሰለ ማስረጃ አይገኝም።

ጊዜው የመጣው በአድዋ ድል ሰሞን ነው። ዐፄ ምኒልክ ከኸሊፋ ዐብዱላሂ ጋር መጻጻፍ ጀመሩ፤ ኸሊፋውም አውሮጳውያንን ከአገርዎ ያርቁ ሲሉ ጠየቁ፤ መልእክተኛቸውም አዲስ አበባ ገባ። በግንቦት 1889 ዓ.ም. ግን ምኒልክ ከእንግሊዙ ሬኔል ሮድ ጋር ሲዋዋሉ፣ የመህዲው ተከታዮች የመንግሥታቸው ጠላቶች መሆናቸውን አስታውቀው፣ መሣሪያ በአገራቸው እንዳያልፍላቸው ሊከለክሉ ቃል ገቡ። በአንድ እጅ ወዳጅነት፣ በሌላው እጅ ክልከላ! ይህን ክህደት የሚሉት አሉ፤ ሆኖም እንግሊዝ በሰሜን፣ ፈረንሳይ በምሥራቅ በኩል ወደ ዐባይ ሲገሠግሡ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ በር ሁሉ ክፍት ማቈየት የብልህ ንጉሥ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ራስ መኰንን ቤኒ ሻንጉልን ለማስገበር ከመዝመት አልቦዘኑም።

በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የኸሊፋው ጦር ኦምዱርማን አጠገብ ከረሪ ላይ በእንግሊዞች መትረየስ ረገፈ። ከዚያ በኋላ የምኒልክ ጎረቤት ራሷ እንግሊዝ ሆነች። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የድንበሩን ውል ፈረመ። በተከታዩ ዓመት ሻለቃ ግዊን ወሰኑን ሲከልል ግን የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮ አልነበረም፤ የአል ፈሽቃ መሬት ክርክር ከዚያ ይመነጫል።

የምኒልክና የኸሊፋው ደብዳቤዎች ግን አልጠፉም። ከመህዲያ መዛግብት ጋር በካርቱም ተቀምጠው ኖረው፣ ግማሽ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ የታሪክ ሊቃውንት አነበቧቸው።