ስለ መጋዝ ጥርስና ስለ ሞረድ

መጋዝ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ጥርሱን በሚገባ የማበጀት ጥበብ ግን ቀስ በቀስ የተገኘ ነው። በፈርዖኖች ዘመን የግብፅ አናጢዎች መጋዝ ከመዳብ ይሠራ ነበር። መዳብ ልስልስ ስለ ሆነ ወደ ፊት ሲገፉት ይታጠፋል፤ ስለዚህ ጥርሱን ወደ እጀታው አዘንብለው፥ እንጨቱን ከቆመ ምሰሶ ጋራ አስረው፥ ወደ ራሳቸው እየሳቡ ይቈርጡ ነበር። ይህ ሥራ በሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ተሥሎ እስከ ዛሬ ይታያል።

ጥርስን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማጋደል ምን እንደሚጠቅም የጻፈው ሮማዊው ፕሊኒዮስ ነው፤ እርሱም በ79 ዓ. ም. የቬሱቭዮስ ተራራ እሳት በተፋ ጊዜ የሞተው ሊቅ ነው። እርጥብ እንጨት በሰጋቱራው ጥርሶቹን እየሞላ መጋዙን ያደነዝዘዋልና፥ ሰጋቱራው እንዲወጣ ጥርሶቹ በየተራ ወዲህና ወዲያ ይታጠፋሉ ሲል አስረዳ። ምክንያቱ ይህ ብቻ አይደለም። ጥርሶቹ ከተጋደሉ መጋዙ የሚያልፍበት መንገድ ከብረቱ ውፍረት ይሰፋል፤ ብረቱም በእንጨቱ ውስጥ ሳይያዝ ይመላለሳል።

መልካም መጋዝ ያለ መልካም ብረት አይገኝም። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ አጠገብ ቤንጃሚን ሃንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1740ዎቹ ዓመታት ዐረብ ብረትን በሸክላ ዕቃ እያቀለጠ ማጥራትን አገኘ፤ ከዚያም ወዲህ ሼፊልድ የመጋዝ አገር ሆነች። በ1833 ዓ. ም. ሄንሪ ዲስተን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከእንግሊዝ ወደ ፊላደልፊያ ከአባቱ ጋራ ተሻገረ። አባቱ እንደ ደረሱ ብዙ ቀን ሳይቆይ ሞተ፤ ልጁም ከመጋዝ ሠሪዎች ዘንድ ሥራ ሊማር ገባ። በ1840 ዓ. ም. የራሱን ቤት ከፈተ፥ በ1878 ዓ. ም. ሲሞትም ስሙ በዓለም የታወቀ ነበር።

ነገር ግን መጋዙን ሠሪው አንድ ጊዜ ቢያበጀው፥ ዕድሜውን የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። አናጢው አስቀድሞ መጋዙን ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ በሞርሳ ያስራል፤ በጠፍጣፋ ሞረድም የጥርሶቹን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ያስተካክላል፤ አንድ ጥርስ ከፍ ቢል እርሱ ብቻ ይሠራልና። ቀጥሎ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ያጋድላል። የሚታጠፈው የጥርሱ የላይኛው እኩሌታ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያጠፈ ሰው ጥርሱን ሰብሮ ይቀራል። ከመጠን በላይ ያጋደለም በከንቱ ይደክማል፥ እንጨቱንም ወደ ሰጋቱራ ይለውጠዋል። በመጨረሻ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይይዛል። የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ለሚሰነጥቅ መጋዝ ሞረዱን ቀጥ አድርጎ ይገፋል፥ ጥርሱም እንደ መሮ ይሆናል፤ ጅማቱን አቋርጦ ለሚቈርጥ ግን ሞረዱን ወደ ጎን ያዘነብላል፥ ጥርሱም እንደ ቢላዋ ይሳላል። ከአንድ ወገን አንዱን ጥርስ እየዘለለ ይሞርድና መጋዙን አዙሮ የቀሩትን ይሞርዳል።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ጥርሱ በኤሌክትሪክ ግለት እጅግ የጠነከረ መጋዝ ተስፋፋ። ጥርሱ ብዙ ቀን አይደነዝዝም፤ ከደነዘዘ ግን ሞረድ አይበላውምና ይጣላል። የዲስተን ቤተ ሰብም ፋብሪካውን በ1955 ዓ. ም. ለሌላ ኩባንያ ሸጦ ነበር። የቀድሞዎቹ መጋዞች እስከ ዛሬ በአሮጌ ዕቃ መሸጫ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ሞረድ በየጊዜው ስለ በላቸው ብረታቸው ጠብቦ ከመጀመሪያ ስፋታቸው እኩሌታው ብቻ ቀርቷል፥ ጥርሳቸው ግን ዛሬም ይሳላል።