መንገዱና ጠባቂው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ በማቋረጥ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና፣ ኮሶበር ማለትም እንጅባራ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያልፋል። ሐይቁ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ የተፈጥሮ ሥራ ነው። መንገዱ ግን የሰው ሥራ ነውና ዕድሜውን የሚወስነው ጠባቂው ነው።

የአካባቢው ገበሬ በኅብረት መሥራትን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ደቦና ወንፈል እርሻውን ያርሳሉ፣ አዝመራውን ይሰበስባሉ። ይሁን እንጂ ደቦ ሥራው ሲያልቅ ይበተናል፤ የመኪና መንገድ ሥራ ግን አያልቅም። ዝናብ በሚበዛበት በአዊ ደጋ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ደለል ቦዩንና ቱቦውን ይደፍናል። መውረጃ ያጣው ውሃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ሠርጎ ከሥር ያለውን የጠጠር ንጣፍ ያላላል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበትም ገጹ ይሰበራል። በወቅቱ ቢሆን አካፋ የሚበቃው ጥገና፣ ችላ ሲባል መንገዱን እንደ አዲስ ያሠራል።

ይህ እውነት በአገር ደረጃ ጎልቶ የታየው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በተለይ ለጦራቸው እንቅስቃሴ ብዙ መንገድ ሠርተው ነበር። ድል ሆነው ሲወጡ ግን የጥገናው ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። መንገዱ ቀረ፤ ጠባቂው ጠፋ። ከጦርነቱ ጉዳት የተረፈውንም ክረምቱ ያበላሸው ጀመር።

መፍትሔው የተገኘው መሣሪያ በመግዛት ብቻ አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. መባቻ ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ይህም ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አመራሩ ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ በመጡ ባለሙያዎች እጅ ነበር፤ ኢትዮጵያውያንም በሥራ ላይ እየሠለጠኑ ኃላፊነቱን ተረከቡ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ግሬደር በአንድ ቀን ከመርከብ ሲራገፍ፣ ግሬደሩን የሚነዳ፣ የሚጠግንና ወጪውን የሚመዘግብ ሰው ግን በዓመታት ልፋት መገኘቱ ነው።

ተቋሙም ቢሆን ያለ ቋሚ ገቢ ሙሉ አይሆንም። ጥገና ከመንግሥት ዓመታዊ በጀት ብቻ ሲጠበቅ፣ ሪባን ለሚቆረጥለት አዲስ ሥራ ቅድሚያ እየተሰጠ ወደ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ፣ ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና እንዲውል ያደረገው ለዚህ ነው። መንገዱን የሚጠቀም ለጥበቃው ይከፍላል።

በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ለማገናኘት የተጀመረው ፕሮግራምም ያንኑ የቆየ ጥያቄ ወደ ወረዳ አውርዶታል፤ ይኸውም የየቀበሌውን ቦይ ማን፣ በማን ገንዘብ ይጠርጋል? የሚል ነው። ስለሆነም መሐንዲስ ንድፉን ሲያስረክብ የጠባቂውን ስም፣ የሥራውን ሰሌዳና የገንዘቡን ምንጭ አብሮ ቢያስረክብ፣ ሥራው በእውነት ተጠናቀቀ ሊባል ይችላል።