የፊደል ቁመትና የመንገድ ሰሌዳ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኘው መርጡለ ማርያም በጥንታዊ ገዳሟ የታወቀች ከተማ ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በንግሥት እሌኒ አሠሪነት የታነጸው፣ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላም ኢየሱሳውያን እጃቸውን ያስገቡበት የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም በግቢዋ ይታያል። የስሟ አጻጻፍ ግን እንደ ድንጋዩ የጸና አይደለም። የቤተ ክህነት ሊቃውንት «መርጡለ ማርያም» ብለው ይጽፉታል፤ ትርጓሜውንም «የማርያም አዳራሽ» ይሉታል። በሕዝቡ አነጋገርና በአያሌ የመሥሪያ ቤት ወረቀቶች ላይ ደግሞ «መርጦ ለማርያም» የሚለው ይገኛል፤ ይህም ቦታው ለማርያም ተመርጦ የተሰጠ ነው ከሚለው አሳብ ጋር ይስማማል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ስለ ፍርስራሹ እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመው ጽሑፍ «ማርቱላ ማርያም» ተብሎ እንዲነበብ አድርጎ በላቲን ፊደል አስፍሮታል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም እያንዳንዳቸው በየመሰላቸው ጽፈውታል።

የታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም ንባብ በኅዳግ አስፍሮ ሊያልፍ ይችላል። ከደጀን በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው ጎዳና፣ ከግንደ ወይን መገንጠያ አስቀድሞ የሚተከል አቅጣጫ አመልካች ሰሌዳ ለሚነድፍ መሐንዲስ ግን ኅዳግ የለውም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ሁለቱ ንባቦች ስምንት ስምንት ፊደል ሲሆኑ ልዩነታቸው አንድ ፊደልና የአንድ ክፍተት ቦታ ብቻ ነው። የጥንት ጸሐፊ በዚያ ክፍተት ላይ ሁለት ነጥብ ያኖር ነበር። በኮምፒዩተር የሚነድፈው ባለሙያ ደግሞ ሰሌዳው እንዳይሰፋበት ስሙን በሁለት መስመር ይከፍለዋል፤ ከአራተኛው ፊደል በኋላ ከከፈለው ከሊቃውንቱ ጋር ቆመ፤ ከሦስተኛው በኋላ ከከፈለው ከሕዝቡ ጋር። ብዙ ጊዜም ይህን ማድረጉን ልብ አይለውም።

ስለ ላቲኑ መስመር እንኳ አንድ መመሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት በ14ኛው አንቀጹ የላቲን ፊደል የማይጠቀሙ አገሮች በመረጃ ሰጪ ምልክቶች ላይ ስሙን በራሳቸው ቋንቋና በላቲን ፊደል እንዲጽፉ፣ የላቲኑም አጻጻፍ በተቻለ መጠን አነባበቡን እንዲከተል ይላል። «ጡ»ን የሚተካ የላቲን ፊደል ባይኖርም መንገደኛው ስሙን ጠርቶ መንገድ ለመጠየቅ የሚያስችለው አጻጻፍ ይበቃዋል። የስሙ ነገር ይህን ያህል ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ ነገር ግን እምብዛም የማይነሣው፣ የፊደሉ ቁመት ጉዳይ ነው፤ እርሱም ከቃላት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

የመንገድ ሰሌዳ የሚነገርበት አማርኛ ከሦስት ምንጭ የተቀዳ ነው። «ሰሌዳ» ራሱ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባ ጥንታዊ ቃል ሲሆን «ምልክት»፣ «አመልካች» እና «መገንጠያ» የአማርኛው የራሱ ናቸው። የሰሌዳው አካል ግን የሚጠራው በጣልያንኛ ነው፤ ላሜራ፣ ቱቦ፣ ብሎን የሚሉት ቃላት ከጣልያን ጋራዥና ከመንገድ ሥራ ወርደው በሠራተኛው አንደበት ቀርተዋል። ሦስተኛው ምንጭ እንግሊዝኛ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲቋቋም በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎች እርዳታ ሥራውን ስለጀመረ የቀያሹና የነዳፊው ቃላት፣ ማለትም ስቴሽን፣ ሌቭል፣ ፕሮፋይል፣ ስኬል፣ በዚያው ቋንቋ ተተከሉ። የመንገዱ ዳር «ትከሻ» መባሉ ሳይቀር የእንግሊዝኛው ትርጉም ነው፤ ሆኖም ለአማርኛው ጆሮ ባዕድ አልሆነም።

በሕግና በመንጃ ፈቃድ ትምህርት በኩል ግን አማርኛው በርትቶ ቆሟል። የሚያስጠነቅቁ፣ የሚቆጣጠሩ፣ መረጃ የሚሰጡ ተብለው የተከፈሉትን ምልክቶች ማንኛውም ሾፌር ያለ ባዕድ ቃል ሊዘረዝር ይችላል። ስምንት ማዕዘን ባለው ቀይ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውም «ቁም» ነው። ትልቁንም ትንሹንም፣ ወንዱንም ሴቲቱንም «አንተ» ብሎ የሚያዝ ሌላ የመንግሥት ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል፤ «ይቁሙ» ቢባል አክብሮት ይጨምር ነበር፣ ፊደልም ይጨምር ነበር፤ ለሚከንፍ ሾፌር የፊደል ማነስ ከአክብሮት ይበልጥበታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የአማርኛ አካዳሚ፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው፣ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት አቻ ሲፈልግ ቆይቶ ድካሙ በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ፍሬ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የመንገድ ንድፍ ሥራ እየበዛ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም የንድፉ ጠረጴዛ ወደ አውቶካድና ወደ መሰሎቹ ተዛወረ። ነዳፊው «ሌየር» ከፍቶ፣ ምልክቱን እንደ «ብሎክ» አስገብቶ፣ በ«ስቴሽን»ና በ«ኦፍሴት» ቦታውን ይወስናል። እነዚህን ቃላት በአማርኛ ለመተካት መድከም የግድ አያስፈልግም፤ የሚጠሩት ነገር በአዲስ አበባም በለንደንም አንድ ነውና። ሌየር ሌየር ቢባል ሰሌዳው አይጣመምም።

አደገኛ የሚሆነው ቃሉ የታወቀ መስሎ ትርጉሙ ሁለት ሲሆን ነው። «በቀኝ በኩል» የሚለውን ለምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ ኢትዮጵያ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የሚነዳባት አገር ስለሆነች ለሾፌሩ ሰሌዳው ምን ጊዜም በቀኙ ነው። በፕላኑ ላይ ግን ቀኝ ማለት ስቴሽኑ ወደሚጨምርበት አቅጣጫ ፊቱን ያዞረ ሰው ቀኝ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በተቆጠረ መንገድ፣ ከሞጣ ለሚመጣው ሾፌር የሚቆመው ሰሌዳ በፕላኑ ግራ ላይ ይውላል። በሠንጠረዡ ውስጥ «ቀኝ» ብቻ ተብሎ የማን ቀኝ እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ተካዩ ብሎኑን አጥብቆ ካበቃ በኋላ ሰሌዳው ጀርባውን ለአንባቢው ሰጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ግን «ኤክስ ቁመት» የሚባለው ነው። ታሪኩ ከእንግሊዝ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲሱ የእንግሊዝ ሞተር መንገድ ሲከፈት ጆክ ኪኒርና ማርጋሬት ካልቨርት የተባሉት ሁለት ነዳፊዎች የሰሌዳውን ፊደል እንደ አዲስ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ በዎርቦይስ የሚጠራውም ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥርዓቱን ለመላ አገሪቱ መንገድ አሰፋው። ብልሃታቸው ሁሉን ነገር ከአንድ ልክ ማውጣት ነበር። ትንሹ የላቲን ፊደል «ኤክስ» ከላይም ከታችም የሚወጣ አካል ስለሌለው ቁመቱ መለኪያ ሆነ፤ የዚያ ሩብ «የጭረት ውፍረት» ተባለ፤ በፊደላት መካከል፣ በመስመሮች መካከል፣ ከጽሑፉ እስከ ጠርዙ፣ የቀስቱ ዘንግ ሳይቀር፣ በጭረት ውፍረት ይቆጠራል። እያንዳንዱ ፊደልም በግንበኞች አነጋገር እንደ ታይልስ በራሱ ቁራጭ ላይ ተቀርጾ ቁርጥራጮቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ክፍተቱ ያለ ሙግት ትክክል ይወጣል። በእንግሊዝ የተሠሩት የሰሌዳ ንድፍ ፕሮግራሞች ይህንኑ ሕግ በውስጣቸው ይዘው መጡ፤ ነዳፊው የኤክስ ቁመት አንድ ጊዜ ካስገባ በኋላ ሰሌዳው ራሱን በራሱ ይለካል።

የአማርኛ ፊደል ኤክስ የለውም። ትልቅና ትንሽ ብሎ አይከፈልም፤ ቁመቱም እኩል አይደለም። «ሸ»፣ «ኘ»፣ «ጀ» በራሳቸው ላይ ምልክት ይሸከማሉ፤ ሌሎች እግራቸውን ያስረዝማሉ ወይም ያሳጥራሉ። ጭረቱም በብዕር ልማድ አንድ ጊዜ ወፍራም፣ አንድ ጊዜ ቀጭን ነው፤ ስለዚህ «የቁመቱ ሩብ» የሚለው ውፍረት በየትኛው ጭረት ላይ እንደሚለካ ሕጉ አይነግርም። በዚህም ላይ በላቲን አንድ ፊደል ከሌላው በመላ ቅርጹ ሲለይ በአማርኛ ብዙ ጊዜ የሚለየው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ጠ»ና «ጡ» ከሩቅ ሲታዩ አንድ አካል ናቸው፤ ስሙን የሚያድነው ከጎን የወጣችው አጭር ጭረት ናት።

ለአጠቃላይ የንድፍ ፕሮግራም የሚሰጠው የጽሑፍ ቁመት ደግሞ በላቲን ትልቅ ፊደል የተመሠረተ ነው። ለሁለቱም መስመሮች 150 ሚሊሜትር ብሎ ያዘዘ ነዳፊ እኩል የሆኑ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የአማርኛው ቁመት እንደ ፎንቱ ሠሪ ፈቃድ ነው። በአንድ ፎንት ውስጥ የአማርኛው ፊደል አካል የላቲኑ ሦስት አራተኛ ቢሆን 150 ተብሎ የታዘዘው 112 ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል። በአሜሪካ የሚሠራበት ልማድ ለአንድ ኢንች የፊደል ቁመት 30 ጫማ የንባብ ርቀት፣ ማለትም ለአንድ ሴንቲሜትር 3.6 ሜትር ያህል ይሰጣል። ልማዱ የተወሰደው ለላቲን ፊደል ቢሆንም ለማነጻጸር ይረዳል፤ 150 ሚሊሜትር 54 ሜትር፣ 112 ሚሊሜትር 40 ሜትር መሆኑ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያው 3.2 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 2.4 ሰከንድ ይሆናል። ከዚህ የሚገኘው ውጤት አስገራሚ ነው፤ እንግዳው ላቲኑን ቀድሞ አንብቦ ወደ መገንጠያው ሲያዘነብል፣ አማርኛ ብቻ የሚያነበው የአገሩ ሾፌር በመጨረሻው ሰዓት ፍሬን ይረግጣል።

ይህ ችግር ሳይታወቅ የቆየበት ምክንያት ሌላ ችግር ስለጋረደው ነው። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ፊደሎቹ ለፕሎተር ብዕር የተሠሩ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ የፊደል ፋይልም ከ256 ያህል ቅርጽ በላይ አይዝም ነበር። የአማርኛው 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ለላቲኑ ቦታ አይቀርም። የጽሕፈት መኪና በጥቂት ቁልፎች ፊደልን ለማውጣት ቅጥያዎቹን ለይቶ በመቀጠል መልኩን እንዳበላሸው ሁሉ፣ ቀዳሚዎቹ የኮምፒዩተር ፎንቶችም ግዕዙን በላቲኑ ቤት አሳድረውት ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የከተማው ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ወይም የጥያቄ ምልክት ረድፍ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቤት ካገኘ በኋላ ፕሮግራሞቹም ቀስ በቀስ ሲቀበሉት ፊደሉ መታየት ጀመረ። ከታየ በኋላ ግን ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ የሚጠይቅ እምብዛም አልተገኘም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ቃል ማውጣት ብቻ ነው። እንግሊዞቹ አንድ ፊደል መርጠው ልክ እንዳደረጉ በአማርኛም አንድ ፊደል ይመረጥ። ለዚህ የሚስማማው «በ» ነው፤ ራሱ ዝርግ፣ ሁለት እግሮቹ እኩል፣ ከላይ ምልክት ከታች ቅጥያ የሌለው ስለሆነ ከመሠረት መስመር እስከ ራስ መስመር ያለውን አካል በሙሉ ይይዛል። «የበ ቁመት» የሚለው አጠራር ለነዳፊውም ለሠሪውም ግልጽ ነው። የጭረት ውፍረትም ከቀጭኑ ጭረት ይለካ፤ በጨለማ በመብራት ሲታይ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነውና። በመስመሮች መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ ከላይኛው መስመር የሚወርዱትንና ከታችኛው የሚወጡትን ቅጥያዎች ቆጥሮ ይወሰን። በንድፉ ማስታወሻ ላይ «የአማርኛ ጽሑፍ፣ የበ ቁመት 150 ሚ.ሜ.» ተብሎ ከተጻፈ ፎንቱ ማንም ቢሠራው፣ ፕሮግራሙ ማንኛውም ቢሆን፣ ነዳፊው ቁጥሩን እስኪደርስበት ድረስ ማስተካከል ግዴታው ይሆናል። በስሙ ውስጥ «በ» ባይኖርም ከዚያው ፎንት፣ በዚያው ልክ፣ አንድ «በ» ከአንጸባራቂው ፕላስቲክ ተቆርጦ ከሰሌዳው ጀርባ ይለጠፍ፤ ተረካቢው መሐንዲስ ሰሌዳው ከመተከሉ በፊት ማስመሪያውን በእርሱ ላይ አኑሮ ይለካዋል።