ስለ ደም መጣጩ ሙትና ስለ ቡዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ለገጣፎ የሚመለስ ሰው፥ መንገዱ ረዥም ታክሲውም የተጨናነቀ ነውና፥ የባልንጀሮቹን ጨዋታ ሳይወድም ቢሆን ይሰማል። በቅርቡ አንድ ማታ ከመገናኛ ተሳፍሬ ስሄድ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስለ አስፈሪ ፊልም ይከራከሩ ነበር። አንደኛው በ2024 የወጣውን «ኖስፌራቱ» የተባለውን ሲያመሰግን፥ ሁለተኛው ድምፅ የሌለውን የ1922ቱን ያስበልጥ ነበር። በመጨረሻም አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አባታችን፥ ከመቃብር ወጥቶ የሰው ደም የሚመጥ ሙት በእውነት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ከመንገዱ ይልቅ ረዘመብኝና እነሆ ለጋዜጣችን አንባብያን ጻፍሁት። የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አድርጌዋለሁ።

አስቀድመን የወሬውን ምንጭ እንመልከት። በ1718 የኦስትሪያ መንግሥት ከቱርክ ጋራ በተዋዋለው ውል ሰሜናዊውን የሰርቢያን ክፍል ያዘ። በ1725 ኪሲልየቮ በምትባል መንደር ፔታር ብላጎየቪች የሚባል ገበሬ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ፥ በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ሕመምተኞቹም ከመሞታቸው በፊት «ፔታር ሌሊት መጥቶ አነቀን» ብለው ስሙን ጠሩ። የመንደሩ ሰዎች መቃብሩን ቢከፍቱ ሬሳው አልፈረሰም፥ በአፉም ላይ ደም ታየ። ስለዚህ በደረቱ ችካል ተክለው አቃጠሉት። በ1732 ደግሞ የጦር ሐኪሞች ሜድቬጃ ከምትባል መንደር እንዲህ ያለ ነገር መርምረው ጻፉ። «ቫምፓየር» የሚለው ቃልም ከነዚህ ጽሑፎች የተነሣ በጀርመን፥ በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር ታወቀ።

ነገሩ በዚያው አልቀረም። በ1755 በሞራቪያ አገር ሬሳ እየተቈፈረ መቃጠሉ በተሰማ ጊዜ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪምዋን ጌራርድ ቫን ስዊተንን ጠየቀች። እርሱም ሬሳ በብርድ አገርና ነፋስ በማይገባበት ሣጥን ቶሎ እንደማይፈርስ፥ ይህም የተፈጥሮ ሥራ እንጂ የጥንቆላ ሥራ እንዳልሆነ አስረዳ። ንግሥቲቱም ከእንግዲህ ወዲህ መቃብር መክፈትና ሬሳ ማቃጠል እንዲቀር በዐዋጅ ከለከለች። ዐዋጁ የሙታኑን ሬሳ ብቻ የጠበቀ አይምሰለን፤ «ልጅሽ ቫምፓየር ሆነ» ተብላ በመንደርዋ አንገትዋን የምትደፋውን እናትም ጠብቋል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ከገበሬ አፍ ወጥቶ ወደ ደራሲ ብዕር ገባ። የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ብራም ስቶከር በ1897 «ድራኩላ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ሙርናው የተባለው የጀርመን አዘጋጅ በ1922 «ኖስፌራቱን» ሲያወጣ ከዚሁ መጽሐፍ ወስዶ ስሞቹን ለወጠ፥ ነገር ግን ባለመብቶቹን አላስፈቀደም። የስቶከር ሚስት ከስሳ ስለ ረታች በ1925 የፊልሙ ቅጅ ሁሉ እንዲጠፋ ተፈረደ። ሆኖም አንዳንዱ ቅጅ ተሰውሮ ስለ ዳነ ያ ፊልም እስከ ዛሬ ይታያል።

እንግዲህ የወጣቶቹን ክርክር እንመርምር። የ1922ቱ ኮንት ኦርሎክ ራሱ መላጣ፥ ጥፍሩ ረዥም ነው፤ ከምሥራቅ በመርከብ ሲመጣ አይጥና ቸነፈር አስከትሎ ይገባል። ጀርመን በጦርነት ተሸንፋ፥ በኅዳር በሽታም ሕዝቧ አልቆ ነበርና ሕዝቡ የሚፈራው ይህንኑ ነበር። ቤላ ሉጎሲ በ1931 የሠራው ድራኩላ ግን ጥሩ ልብስ የለበሰ፥ ንግግሩ የለዘበ መስፍን ነው፤ የተሳለ ጥርሱም አይታይም። ክሪስቶፈር ሊ በ1958 በሠራው ፊልም ጥርሱም ደሙም በቀለም ታየ። ሮበርት ኤገርስ በ2024 ባወጣው ደግሞ ክፉው መንፈስ የሚመጣው ብቸኛ የነበረች ልጅ በጭንቀቷ ጊዜ ስለ ጠራችው ነው። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ እንዲያይ፥ የፊልም ተመልካችም ደም መጣጩን እንደ ሰም፥ የዘመኑን ፍርሃት እንደ ወርቅ አድርጎ ቢያይ አይሳሳትም።

ነገር ግን የዘመኑ ፍርሃት በማን ፊት ተሥሎ ይታያል? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ረዥም አፍንጫ ያለው፥ ከሩቅ አገር በሽታ ይዞ የሚመጣው የኦርሎክ መልክ፥ በዚያ ዘመን በጀርመን አገር አይሁድን ለማዋረድ ይሣል ከነበረው ሥዕል ጋራ እንደሚመሳሰል ብዙ ሐያስያን ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ በአይሁድ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። በ2025 ራያን ኩግለር ያወጣው «ሲነርስ» የተባለው ፊልም ግን ነገሩን ገልብጦ ያሳያል። በ1932 በሚሲሲፒ አገር ጥቁር ሰዎች በሚጨፍሩበት ቤት ደም መጣጮች በሌሊት ይመጣሉ፥ ሳይጋበዙም ከደጁ አያልፉም። ሲነጋ ግን ጠመንጃ ይዘው ሊገድሉ የሚመጡት ማንም ያልጋበዛቸው ሕያዋን ሰዎች ናቸው።

እኛስ? ሲኒማ በመጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በጨርቅ ላይ የሚሮጠውን ጥላ ሰይጣን ማለት ማንንም አልጐዳም። በሰው ላይ የተጣለው ስም ግን ጐድቷል። ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ፋቂውን፥ በእጅ ሥራቸው የሚኖሩትንም ቤተ እስራኤል «ቡዳ ናቸው፤ በሌሊት ጅብ ይሆናሉ፤ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ» ስንል ኖርን። ሰው ሲታመምም «ማን በላህ?» እያልን እናስለፈልፈዋለን። ሕመምተኛው በትኵሳት የጠራው ስም ለመንደሩ እንደ ፍርድ ይሆናል። ኪሲልየቮ ከእኛ መንደር በምን ትለያለች?

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር ባወጁት ዐዋጅ የእጅ ሠራተኛን መስደብ ከለከሉ። በዚያ ዐዋጅ ከቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋራ፥ ጽሕፈት ስለሚያውቅ ጠንቋይ የሚባለው ጸሐፊም ተቈጥሯል። ንጉሡ ባለ መዶሻውንና ባለ ብዕሩን በአንድ ጥላ ሥር አስጠለሏቸው። እኛ የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች ግን በራሳችን ላይ ሲነገር የምንጠላውን ሐሜት በሌላው ላይ ለመናገር አላፈርንም፤ ከመካከላችንም የቡዳ መድኃኒት ነው እያለ ክታብ ጽፎ የሸጠ አለ።

እኔም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም። በልጅነቴ በቅኔ ቤት ሳለሁ አኩፋዳዬን አንግቤ ስለምን አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኩስ እንጀራ ሰጠችኝ። ባልንጀሮቼ «ቡዳ ናት» ስላሉኝ እንጀራውን ከአጥሯ ሥር ለውሻ ጣልሁት። ቀና ብል በደጇ ቆማ ታየኛለች። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ያን ቀን ጦሜን አደርሁ። ዛሬ ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኖኝ ስንቱን መጽሐፍ ስረሳ የዚያችን ሴት ዓይን አልረሳሁም። በዓይኗ የበላችኝ ነገር የለም፤ የበደልኋት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለካህናት ወንድሞቼ የምለው ይህ ነው። ሰይጣን የለም አላልሁም፤ የሚዋጋን ጠላት እንዳለን እናምናለን። ነገር ግን ሙታንን የሚያስነሣ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ የሰው ነፍስም የጎረቤት ዓይን መብል አይደለችም። ሕመምተኛ ወደ እኛ ሲመጣ እንጸልይለት፥ ጠበል እናጥምቀው፥ ወደ ሐኪምም እንላከው፤ «ማን በላህ?» ብለን ግን የሰው ስም አናስጠራው።

ለእነዚያም ወጣቶች መልሴ እንዲህ ነው። ልጆቼ፥ ደም መጣጭ ሙት የለም። ፊልሙን ከፊልም ጋራ ማወዳደራችሁን አልነቅፍም፤ ፍርሃት በመጋረጃው ላይ ሲቀር ጨዋታ ነው። ከሲኒማው ወጥቶ በጎረቤታችሁ ፊት ላይ ሲያርፍ ግን ያን ጊዜ በእውነት ፍሩ፤ ደም የሚፈስሰው ከዚያ ወዲያ ነውና።