ቁርኣን ቤት፣ የኪታብ ቂርኣትና የአፍ መፍቻ ቋንቋ፦ ለአዊ ልጆች ምን ይጠቅማሉ?

ማኅበረሰቡ በራሱ ወጪና በራሱ ሥርዓት ልጆቹን የሚያስተምርባቸው ቤቶች በሀገራችን ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ ረጅም ዘመን በፊት ነበሩ። ለሙስሊሙ ዋናዎቹ ቁርኣን ቤትና የኪታብ ቂርኣት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ አሠራራቸውን በአጭሩ እናያለን፤ ከዚያም በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ ላሉ ልጆች ያላቸውን ትርጉም እንመለከታለን።

ቁርኣን ቤት

ልጅ በአሊፍ፣ ባ፣ ታ ይጀምራል። በቀድሞው አሠራር ትምህርቱ በእንጨት ሉሕ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጻፍለታል። ልጁ ሲሸመድደው ሉሑ ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ዛሬ በብዙ ቦታ የታተመ ቃዒዳ ተተክቷል። ያልተለወጠው ነገር ልጁ እያንዳንዱን ትምህርት በኡስታዙ ፊት ማሰማቱና ሳይታረም ወደሚቀጥለው አለማለፉ ነው።

የኪታብ ቂርኣት

ቁርኣን ያኸተመ ደረሳ ወደ ኪታብ ይሸጋገራል። በፊቅህ እንደ ሰፊነቱ ነጃ ካሉ አጫጭር ኪታቦች ተነስቶ እስከ ሚንሃጅ ይደርሳል፤ በነሕው ከአጁሩሚያ ወደ አልፊያ፣ በተፍሲር ደግሞ ወደ ጀላለይን ያመራል። በአማራ ክልል የዚህ ትምህርት ትልቁ ምድር ወሎ ነው። ዳና፣ ጃማ ንጉሥ፣ ገታና ሾንኬ ስማቸው የታወቀ ማዕከላት ናቸው። አንዱ ሸኽ በነሕው፣ ሌላው በፊቅህ ስለሚታወቅ ደረሳው ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሩ ይጓዝ ነበር። የሚያበላው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የሸኹ ብቻ ሳይሆን የመንደሩም ሥራ ነበር።

ሸኹ ዐረብኛውን አንብቦ በደረሳው ቋንቋ ይተረጉማል። በዚህ መንገድ ዐጀሚ፣ ማለትም አማርኛንና ኦሮምኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ፣ ሥር ሰደደ። ሸኽ ጦልሓ ጃዕፈር በአማርኛ የገጠሟቸው መንዙማዎች የዚህ ፍሬ ናቸው። ዐረብኛ የማያውቅ ገበሬም ዲኑን በገዛ አንደበቱ ማዜም ቻለ።

ወደ አዊ ስንመጣ

በአዊ የብዙ ልጆች የመጀመሪያ አፍ አውኛ ነው። አውኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን የኩሽ ቤተሰብ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 39 ብሔረሰቦች በቋንቋቸው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋቸውን የማሳደግ መብት አረጋገጠ። አውኛም የትምህርት ቋንቋ ሆኗል። ከመደበኛው ትምህርት ውጪም ባህል ይተላለፋል፦ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚያከብረው በዓል ወጣቱ ፈረስ አያያዝንና የአባቶችን ታሪክ ከሽማግሌዎች ይማራል።

የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። በቤቱ አውኛ የሚሰማ ሙስሊም ልጅ ቁርኣን ቤት ሲገባ ማብራሪያውን ሁሉ በሌላ ቋንቋ ብቻ ከሰማ፣ ሁለት ነገር ሊከተል ይችላል። አንደኛ፣ ፊደሉን አውቆ ትርጉሙ ሊያልፈው ይችላል። በማስተማር ዘመናችን ሱራውን አሳምሮ እየቀራ ምን እንደቀራ ሲጠየቅ ዝም የሚል ልጅ አይተናል። ሁለተኛ፣ አውኛ የቤት እንጂ የዲን ቋንቋ አይደለም ብሎ ሊያስብ፣ ከአያቱም ሊርቅ ይችላል።

ይህ ግን ዲኑ የጠየቀው አይደለም። ሱረቱ ኢብራሂም አንቀጽ 4 መልዕክተኞች በሕዝቦቻቸው ቋንቋ መላካቸውን ይነግረናል። የወሎ ዑለማዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ዐረብኛውን ሳይለቁ የሕዝቡን አፍ አከበሩ።

ምን ማድረግ ይቻላል?

• ኡስታዙ አውኛ ካላወቀ፣ ከትልልቆቹ ተማሪዎች አንዱ የዕለቱን ትርጉም ለታናናሾቹ በአውኛ ይድገም።
• የዉዱእ፣ የሶላትና የአደብ ትምህርት በአውኛ በአጭሩ ተጽፎ ይዘጋጅ፤ ልጆቹ ፊደሉን በትምህርት ቤት ያውቁታል።
• በሳምንት አንድ ቀን አንድ አባት ወይም እናት መጥተው የአካባቢውን ሙስሊም ታሪክ በአውኛ ያውሩ፤ አንድ ተማሪ ይጻፈው ወይም በስልክ ይቅዳው።
• የደረሳ ቀለብ ባህል አይቅር። ቤት ለቤት የምትሰበሰብ ትንሽ እህል ልጁን የመንደሩ ሁሉ ልጅ ታደርገዋለች።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንጻ አይፈልግም። የሚፈልገው ወላጅ ልጁን ማታ «ዛሬ ምን ቀራህ?» ብሎ በአውኛ መጠየቁን፣ ልጁም በአውኛ መመለስ መቻሉን ነው። አላህ ይወፍቀን።