በዱቤ የተጫነ ቢራ

የህንድን ስም ተሸክሞ በእንግሊዝ አገር የተወለደ፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ ዳግም የተፈጠረ አንድ መጠጥ አለ። ኢንዲያ ፔል ኤል ይሉታል፤ በአጭሩ አይፒኤ። “ፔል” ፈዛዛ፣ ነጣ ያለ ማለት ነው፤ “ኤል” ደግሞ የቢራ ወገን። ምሬቱንና መዓዛውን የሚሰጠው ሆፕስ የተባለው ሐረግ አበባ ነው፤ እኛ ለጠላና ለጠጅ ጌሾ እንደምንለው ሁሉ ፈረንጅም ለቢራው ሆፕስ ይላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ስለ ልደቱ የሚነገረው ተረት ውብ ነው። ጆርጅ ሆጅሰን የተባለ የለንደን ጠማቂ፣ በህንድ ለሚኖሩ እንግሊዛውያን የሚላከው ቢራ በመንገድ እየኮመጠጠ ማስቸገሩን አይቶ፣ ሆፕሱን አብዝቶ፣ አልኮሉን አጠንክሮ፣ ባሕር የማይበግረው አዲስ ቢራ ፈለሰፈ ይባላል። ጀግና አለው፣ ማዕበል አለው፣ ድል አለው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ነገሩ እንዲያ አልሆነም።

ጥቁሩ ፖርተርም ያንኑ ባሕር ተሻግሮ ህንድ ይገባ ነበር፤ ተራው ወታደር የሚጠጣው እርሱን ነበርና። ወደ ሞቃት አገር በሚጫን ቢራ ላይ ሆፕስ ማብዛትም ከ1760ዎቹ ጀምሮ ለጠማቂዎች ሲሰጥ የኖረ ምክር ነው። ታዲያ ሆጅሰን ከሌሎቹ በምን ተለየ?

አንደኛው ቦታ ነው። ጠመቃ ቤቱ በለንደን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦው፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከቦች ከሚቆሙበት ከብላክዎል ብዙም ሳይርቅ ነበር። ሁለተኛው፣ እንደኔ ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት ለሚውል ሰው ልብ የሚያሞቀው፣ ዱቤ ነው! የኩባንያው ካፒቴኖች በግላቸው እንዲነግዱ ይፈቀድላቸው ነበርና፣ ሆጅሰን ቢራውን እስከ 18 ወር በሚደርስ ዱቤ ያስረክባቸው ነበር። መርከቡ በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ ህንድ እስኪደርስ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ መመለሻውም እንደዚያው። ካፒቴኑ እንግዲህ ሸጦ፣ አትርፎ፣ አገሩ ገብቶ ነው ዕዳውን የሚከፍለው። እንዲህ ያለ ውል የሚያቀርብ ሰው ኮምጣጤም ቢጭን ገዢ አያጣም። ቢራው ግን ኮምጣጤ አልነበረም፤ በመርከቡ ሆድ ሲናጥና ሲሞቅ ከርሞ፣ በምድር ቤት ለዓመታት የተቀመጠ ያህል በስሎ ይወጣ ነበር። ማንም ያላቀደው በረከት ነው።

የሆጅሰንን ቤት ያናጋውም ያው ዱቤ ሆነ። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ወራሾቹ ዱቤውን አስቀርተው፣ ዋጋውን ጨምረው፣ ጭነቱንም ሽያጩንም ለራሳቸው ሊያደርጉት ቃጡ። በ1822 ከኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነው ካምቤል ማርጆሪባንክስ ወደ በርተን ከተማው ጠማቂ ወደ ሳሙኤል ኦልሶፕ ዞረ። ኦልሶፕ በቀረጥ ሳቢያ የሩሲያ ገበያው የተዘጋበት ሰው ነበርና ዕድሉን አላሳለፈውም። የበርተን ውኃ ጂፕሰም ስለሚበዛበት የሆፕሱን ምሬት ጥርት አድርጎ ያወጣል፤ ተከታዩ ከቀዳሚው በለጠ። ስሙን ያወጣለትም ገበያው እንጂ ፈልሳፊ አይደለም፤ በ1829 በሲድኒ በወጣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ “ኢስት ኢንዲያ ፔል ኤል” ተብሎ እናገኘዋለን።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ ግብርና ጦርነት አቅጥነውት ስሙ ብቻ ቀረ። ስሙን አሜሪካኖች አነሡት፤ ቢራው ግን ሌላ ነው። በ1972 ካስኬድ የተባለ፣ የግሬፕፍሩት ጠረን ያለው አዲስ የሆፕስ ዝርያ ከኦሪገን ወጣ። በ1975 የሳን ፍራንሲስኮው አንከር ባለቤት ፍሪትዝ ሜይታግ “ሊበርቲ ኤል”ን በእርሱ ጠመቀ፤ አይፒኤ ብሎ ባይሰይመውም የዛሬው አይፒኤ አባት እርሱ ነው። በ1980 ደግሞ በቺኮ ከተማ ሲየራ ኔቫዳ ከወተት ማቀነባበሪያ በተገኘ አሮጌ ዕቃ ሥራ ጀመረ። ሆፕስ በጥንቱ ቢራ ዘበኛ ነበር፤ በእነዚህ ዘንድ ዘፋኝ ሆነ። የዛሬው ጠጪ ጠርሙሱን ሲከፍት አስቀድሞ የሚያሸተውም ለዚህ ነው።

ከሲየራ ኔቫዳ የቀደመው ግን የቀድሞው የባሕር ኃይል ባልደረባ ጃክ ማኮሊፍ ነበር። በስኮትላንድ ያጣጣመውን ኤል አገሩ አጥቶት፣ በ1976 በሶኖማ ኒው አልቢዮን የተባለ አነስተኛ ጠመቃ ቤት ከፈተ። ቢራው ተወደደለት፤ ማስፋፊያ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጠው ግን አላገኘም። በ1982 ዘጋ። ዕቃውና እርሾው ወደ ሰሜን ተጉዘው፣ በቀድሞ የሆፕስ እርሻዋ ወደምትጠራው ወደ ሆፕላንድ ከተማ ገቡ፤ በ1983 ሜንዶሲኖ የተባለው ጠመቃ ቤት በእነርሱ ሥራ ጀመረ።